ሲያስረዱኝ ይገባኛል፤ ብቻዬን ስቀመጥ ግን አንድ መስመር አይመጣልኝም

ጥያቄ

ሰላም ለእርስዎ። የኮምፒውተር ሳይንስ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። መምህሩ ኮድ እየጻፈ ሲያስረዳ እከታተላለሁ፣ ይገባኛልም። አሳይመንቱን ለመሥራት ብቻዬን ስቀመጥ ግን ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ስክሪኑ ላይ ማፍጠጥ ብቻ ነው። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች ጥያቄውን አንብበው ሳይጨርሱ መተየብ ይጀምራሉ። አንደኛው «ፕሮግራሚንግ ተሰጥኦ ነው፤ ወይ አለሽ፣ ወይ የለሽም» ብሎኛል። አሁን አሳይመንቱን ኤአይ እያሠራሁ ነው የማስረክበው። ማርኩ ጥሩ ነው። የወረቀት ፈተናው ላይ ግን ወደቅኩ። ዲፓርትመንት ለመቀየር ቅጹ የሚሞላው ሴሚስተሩ ሲያልቅ ነው። ለቤተሰቦቼ እስካሁን አልነገርኳቸውም። ልቀይር ወይስ ልቆይ?

ግራ የገባኝ

መልስ

የኔ እህት፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። «ሲያስረዱኝ ይገባኛል፤ ብቻዬን ስቀመጥ ግን አላውቅም» ያልሽውን፣ ተማሪዎች ፕሮግራሚንግ እንዴት እንደሚማሩ የሚመረምሩ ሰዎች ለአሥርተ ዓመታት ሲሰሙት ኖረዋል። ከየት እንደሚመጣም ብዙ አጥንተዋል። ስለዚህ ቅጹን ለጊዜው ወደ ጎን እናድርገውና እነሱ ያገኙትን ልንገርሽ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ይሄ የተሰጥኦ ወሬ። ጓደኛሽ ያለው ነገር ከሱ የመጣ አይደለም፤ ብዙ መምህራንም ሲያምኑበት ኖረዋል። በ2006 በእንግሊዝ ሚድልሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሰኢድ ደህናዲ እና ሪቻርድ ቦርናት የተባሉ ሁለት ሰዎች አንድ ረቂቅ ጽሑፍ አሰራጩ። ተማሪዎች ኮርሱን ሳይጀምሩ በሚሰጥ አጭር ፈተና፣ ፕሮግራሚንግ የሚሆንላቸውንና የማይሆንላቸውን መለየት ይቻላል የሚል ነበር። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ተዳረሰ። «አላልኩም? ይሄ ነገር ለሁሉም አይሆንም» ለሚል ሁሉ ማስረጃ ሆነለት። በ2014 ግን ቦርናት ራሱ ጽሑፉን ውድቅ አደረገው፤ ያለው ነገር እንዳልተረጋገጠም በይፋ ጻፈ። ማስተባበያው የወሬውን ያህል ሩቅ አለመሄዱ ያሳዝነኛል። ስንቱ ተማሪ በዚህ ምክንያት ተስፋ ቆርጦ ይሆን?

በ2016 ደግሞ ኤሊዛቤት ፓቲትሳስ እና ባልደረቦቿ የአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲን 778 የኮምፒውተር ሳይንስ ኮርስ የውጤት ስርጭቶች መረመሩ። «የሚችሉ» እና «የማይችሉ» የሚባሉ ሁለት ዓይነት ተማሪዎች ካሉ፣ ውጤቱ በግራፍ ሲሣል ሁለት ጉብታ ማሳየት ነበረበት። እንዲህ ያለ ምልክት የተገኘው በ5.8 በመቶው ብቻ ነው። የቀረው እንደ ማንኛውም ትምህርት ነው፤ አብዛኛው መሐል፣ ጥቂቱ ላይ፣ ጥቂቱ ታች። እነዚሁ ተመራማሪዎች ሌላም ነገር አዩ። ችሎታ አብሮ የሚወለድ ነው ብለው የሚያምኑ መምህራን፣ አሻሚ ግራፍ ሲያዩ «ሁለት ጉብታ አለው» ማለት ይቀናቸዋል።

ጥያቄው ሳይነበብ የሚተይቡት ልጆችስ? አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው የጀመሩ ናቸው። ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ1995 ኮምፒውተር ሳይንስ ከገቡት ተማሪዎች ሴቶቹ 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጄን ማርጎሊስ እና አለን ፊሸር ተማሪዎቹን ለዓመታት እያነጋገሩ አጠኑ። ብዙዎቹ ወንዶች ከልጅነታቸው ጀምረው ኮምፒውተር ሲነካኩ ያደጉ ነበሩ። ያንን ዕድል ሳያገኙ የመጡት ሴቶች ደግሞ ልዩነቱን አይተው «እኔ አልተፈጠርኩለትም» ብለው ደመደሙ። ዩኒቨርሲቲው ቀድሞ ኮድ መጻፍን እንደ መግቢያ መስፈርት ማየቱን ቀነሰ፤ ጀማሪዎችም ከደረጃቸው የሚነሱበትን መንገድ አዘጋጀ። በ2000 ከገቡት ውስጥ ሴቶቹ 42 በመቶ ሆኑ። በአምስት ዓመት የሰው ተፈጥሮ አይለወጥም። የተለወጠው አቀባበሉ ነው።

ደግሞም ፈጥኖ መተየብ የመቻል ምልክት አይደለም። ጄሚ ጎርሰን እና ኤሌነር ኦሩርክ በ2020 ባወጡት ጥናት፣ ብዙ ጀማሪዎች ቆም ብለው ሲያስቡ፣ ኤረር ሲመጣባቸው፣ የረሱትን ነገር ሲፈልጉ «ደካማ ነኝ» ብለው ራሳቸውን እንደሚመዝኑ አሳይተዋል። እነዚህን ሁሉ ግን የዓመታት ልምድ ያለው ባለሙያም ያደርጋል። ስለዚህ ሳትተይቢ አምስት ደቂቃ ብታስቢ አትፈሪ። ሥራው ራሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

በ2001 ማይክል ማክራከን የሚመራው የተመራማሪዎች ቡድን በአራት ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ደረጃ ፕሮግራሚንግ የተማሩ 216 ተማሪዎችን ፈተነ። ሥራው እንደ ካልኩሌተር የሚያሰላ ፕሮግራም መጻፍ ነበር። ከ110 ነጥብ አማካዩ 22.89 ሆነ። እነዚህ ልጆች ሌክቸር ገብተዋል፣ አሳይመንት ሠርተዋል። ብቻቸውን ሲቀመጡ ግን አንቺን የገጠመሽ ገጠማቸው።

ያኔ ብዙ ሰው «ችግር የመፍታት ችሎታ የላቸውም» አለ። ሬይመንድ ሊስተር የሚባል አውስትራሊያ ውስጥ ያስተምር የነበረ ሰው ግን ሌላ ነገር ጠረጠረ። ችግሩ ከመጻፍ በፊት የሚጀምር ቢሆንስ? በ2004 ከባልደረቦቹ ጋር የሰባት አገር ተማሪዎችን ፈተኑ። በዚህ ፈተና ላይ ኮድ ጻፉ አልተባሉም። የተጻፈ አጭር ኮድ ይሰጣቸውና «ይሄ ራን ሲደረግ (ማሽኑ ሲያስኬደው) ምን ይወጣል?» ይባላሉ። ወይም ትንሽ የጎደለው ኮድ ይሰጣቸውና የጎደለውን ከምርጫ ይሞላሉ። ብዙዎቹ ይሄም ከበዳቸው።

እዚህ ላይ ቆም በይ። ማንም ልጅ ማንበብ ሳይችል ድርሰት ጻፍ አይባልም። ፕሮግራሚንግ ላይ ግን ተማሪው ኮድ ማንበብ ሳይጸናለት ከባዶ ጻፍ ይባላል። መምህርሽ ሲያስረዳ የሚገባሽ የሱ ሐሳብ ነው። ማሽኑ በየመስመሩ የሚያደርገውን፣ የትኛው ቫሪያብል (ዋጋ የሚቀመጥበት ስም) አሁን ስንት እንደያዘ፣ እሱ በጭንቅላቱ ይዞልሻል። ብቻሽን ስትቀመጪ ያንን የሚይዝልሽ ሰው የለም። ባዶ የሆነብሽ ለዚህ ይመስለኛል። አንቺ የምትኮነኚበት ምክንያት አይታየኝም፤ የተዘለለ ደረጃ ነው።

ይሄን ወረቀት ላይ ገልብጪው።

ሀ = 5
ለ = 7
ሀ = ለ
ለ = ሀ

መጨረሻ ላይ ሀ ስንት ነው? ለስ? መልሱን ሳታነቢ ጻፊ።

ብዙ ጀማሪ «ተቀያየሩ፤ ሀ 7 ሆነ፣ ለ 5 ሆነ» ይላል። ማሽኑ ግን ሦስተኛው መስመር ላይ ሀ ውስጥ የነበረውን 5 አጥፍቶ 7 አስቀመጠበት። አራተኛው መስመር ሲደርስ 5 የትም የለም። ሁለቱም 7 ናቸው። የተሳሳተው ሰው ሰነፍ አይደለም። ኮዱ ሊያደርግ የፈለገውን ነው ያነበበው። ማሽኑ ፍላጎት አያነብም። ሮይ ፒ የተባለ ተመራማሪ በ1986 ይሄንን የብዙ ስህተቶች እናት አድርጎ አቀረበው፤ ጀማሪው ሳያስበው ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚረዳው አእምሮ ያለ ይመስለዋል አለ። እኔም እስካሁን ካየኋቸው ማብራሪያዎች ሁሉ ይሄኛው ነው ልክ የሚመስለኝ።

አሁን ትንሽ ከበድ ያለ።

ድምር = 0
ቁ = 1
ቁ ከ4 እስካነሰ ድረስ ድገም፦
    ድምር = ድምር + ቁ
    ቁ = ቁ + 1

ወረቀትሽ ላይ ሁለት ዓምድ አስምሪ። አንዱ የድምር፣ አንዱ የቁ። ስትጀምሪ 0 እና 1 ናቸው። አንድ ዙር ሲያልቅ 1 እና 2። ሁለተኛው ሲያልቅ 3 እና 3። ሦስተኛው ሲያልቅ 6 እና 4። አሁን 4 ከ4 አያንስምና ሉፑ (ድግግሞሹ) ይቆማል። ድምር 6 ነው። ቁ ደግሞ 4 ሆና ቀረች። 3 የሚል መልስ በጣም የተለመደ ነው፤ ምክንያቱም በጭንቅላት ሲሠራ የመጨረሻዋ መደመር ትረሳለች። ወረቀት ግን አይረሳም። ሊስተርና ባልደረቦቹ የተማሪዎቹን የፈተና ወረቀት ሲያዩ፣ የቫሪያብሎቹን ለውጥ እየተከተሉ የጫጫሩት ልጆች በትክክል የመመለስ ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ አገኙት። በጭንቅላቴ እሠራዋለሁ ማለት ጉብዝና አይደለም፤ በተለይ ለጀማሪ።

ይሄንን ሥራ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሥሪ። መምህርሽ ክፍል ውስጥ ያሳየውን ኮድ ውሰጂ። መጀመሪያ ምን እንደሚወጣ ገምቺና ጻፊው። ከዚያ ራን አድርጊው። ግምትሽና ውጤቱ ከተለያዩ እዚያች ቦታ ላይ ቆዪ፤ ያልገባሽ ነገር ያለው እዚያ ነው። ፊሊፕ ጉዎ የሠራው ፓይተን ቱተር የሚባል ነፃ መሣሪያ አለ፤ ኮዱን መስመር በመስመር እያራመደ ቫሪያብሎቹ ሲለወጡ ያሳያል። ስትጠቀሚበት ግን «ቀጥል» የሚለውን ከመጫንሽ በፊት ቀጥሎ የሚሆነውን ገምቺ። ዝም ብለሽ ካየሽው መምህሩን ከማየት አይለይም።

መከታተል ሲቀልሽ አንድ ነገር ጨምሪ። ኮዱ ባጠቃላይ ምን እንደሚሠራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሪ። «ቁን 1 አደረገ፣ ከዚያ ደመረ፣ ከዚያ 1 ጨመረ» አይደለም። «ከ1 እስከ 3 ያሉትን ቁጥሮች ይደምራል» ነው። የኒውዚላንድና የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የፈተና መልሶችን ሲመረምሩ፣ ኮድ መከታተልም ማስረዳትም የሚችሉት ተማሪዎች መጻፉም እንደሚሳካላቸው አይተዋል። ሦስቱ የተሳሰሩ ናቸው።

ከዚህ በኋላ ነው መጻፍ። እሱም ቢሆን በአንዴ ከባዶ አይደለም። በ1980ዎቹ ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኤሊየት ሶሎዌይ ተማሪዎችን አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ይጠይቅ ነበር። ቁጥሮችን ተቀበሉ፣ 99999 ሲገባ አቁሙ፣ ከዚያ የገቡትን ቁጥሮች አማካይ አውጡ። በጣም ብዙ ተማሪ አልተሳካለትም። ሉፕ ምን እንደሆነ ያውቃሉ፣ መደመርም ያውቃሉ። የከበዳቸው ማገጣጠሙ ነው። ልምድ ያለው ሰው ይሄን ጥያቄ ሲያይ የሚያውቃቸው ቁርጥራጮች ይመጡለታል፤ አንዱ እየደመረ የሚሄድ፣ አንዱ የሚቆጥር፣ አንዱ መቆሚያውን የሚጠብቅ፣ ምንም ቁጥር ካልገባ በዜሮ እንዳይካፈል የሚከላከል። እሱም ከባዶ እየፈጠረ አይደለም። ብዙ ኮድ ስላነበበ ቁርጥራጮቹ አሉት። አንቺም የምታነቢውን እያንዳንዱን ኮድ «ይሄኛው ቁራጭ ሥራው ምንድነው?» እያልሽ ስም አውጪለት። ደብተርሽ ላይ አጠራቅሚያቸው።

የሰው ኮድ ወስዶ መለወጥም ከባዶ ከመጀመር በፊት የሚመጣ ደረጃ ነው። የሚደምረውን የሚያባዛ አድርጊው። ትልቁን ቁጥር የሚፈልገውን ትንሹን እንዲፈልግ አድርጊው። ሌላም ዘዴ አለ፤ በ2006 ዴል ፓርሰንስ እና ፓትሪሺያ ሄደን ያስተዋወቁት። ትክክለኛ ኮድ መስመሮቹ ተበታትነው ይሰጡሻል፣ አንቺ ቅደም ተከተላቸውን ታስተካክያለሽ። ባርባራ ኤሪክሰን እና ባልደረቦቿ በ2017 ሲፈትሹት፣ ከባዶ ከሚጽፉት ያነሰ ጊዜ ወስዶ ተመሳሳይ ያህል ትምህርት ሰጥቷል። ራስሽም ልታዘጋጂው ትችያለሽ። ኮዱን ወረቀት ላይ ጽፈሽ መስመር በመስመር ቁረጪው፣ ቀላቅይው፣ በማግሥቱ አስተካክይው።

ስለ ኤአይው ግልጽ ልሁንልሽ። በስምሽ የምታስረክቢው ሥራ ያንቺ መሆን አለበት፤ አሁን የምታደርጊውን ከዛሬ ጀምሮ ተዪው። ከሥነ ምግባሩ ሌላ፣ እየጎዳሽ ነው። ቱርክ ውስጥ ወደ አንድ ሺህ በሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተደረገ የሒሳብ ጥናት አለ። መልስ የሚሰጥ ተራ ቻትቦት የተሰጣቸው ልጆች በልምምዱ ጊዜ ውጤታቸው በ48 በመቶ ተሻሻለ። ቻትቦቱ ሲወሰድና ፈተና ሲቀርብ ግን ጭራሽ ካልተሰጣቸው ልጆች በ17 በመቶ አነሱ። አንቺ ላይ የሆነው ይኸው ነው፤ አሳይመንቱ ጥሩ፣ ፈተናው ወደቀ። በዚያው ጥናት መልሱን ሳይሰጥ ፍንጭ ብቻ እንዲሰጥ የተዘጋጀውን የተጠቀሙት ልጆች ግን ያን ያህል አልተጎዱም። ስለዚህ መምህርሽ የሚፈቅድ ከሆነ «መልሱን እንዳትነግረኝ» ብለሽ ጀምሪ። «ሉፕ ያለበት አጭር ኮድ ስጠኝ፣ ውጤቱን እኔ ልገምት» በዪው። የገመትሽውን ራን አድርገሽ አረጋግጪ፤ እሱም ይሳሳታልና።

ብቻሽንም አትማሪ። ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ውስጥ ሊዮ ፖርተር እና ባልደረቦቹ በ2013 ያወጡት ጥናት አለ። መምህሩ በክፍል መሐል ጥያቄ ያነሳል፣ ተማሪው ብቻውን ይመልሳል፣ ከጎኑ ካለው ጋር ይከራከራል፣ እንደገና ይመልሳል። በዚህ መንገድ በተሰጡ ኮርሶች የሚወድቀው ተማሪ ከ20 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ክፍላችሁ እንዲህ ካልሆነ አንድ ሰው ፈልጊ። ፈጣኑን ልጅ አይደለም፤ ኪቦርዱን ይዞ ይቀርና አንቺ ተመልካች ትሆኛለሽ። እንዳንቺ የከበዳትን ፈልጊ። ሁለታችሁም አንዱን ኮድ ለየብቻ ተከታተሉት፣ ከዚያ ወረቀታችሁን አስተያዩ።

ወደ ጥያቄሽ እንመለስ። ዲፓርትመንት መቀየር ነውር አይደለም። ሌላ የምትወጂው ትምህርት ካለ፣ ወይም ይሄን የገባሽበት ማርክሽ ስላደረሰሽ ብቻ ከሆነ፣ ቀይሪ፣ አልከለክልሽም። «አልችልም» ብለሽ ግን እንዳትሄጂ፤ እሱን ገና አልሞከርሽውም። ፈተና መውደቅሽም ማስረጃ አይሆንም። በ2014 ክሪስቶፈር ዋትሰን እና ፍሬድሪክ ሊ ከ15 አገሮች 161 የመጀመሪያ ፕሮግራሚንግ ኮርሶችን ሰብስበው ሲያዩ ያለፈው ተማሪ 67.7 በመቶ ነበር። ከሦስቱ አንዱ አያልፍም ማለት ነው።

የምለምንሽ ግን ቶሎ እንድትጀምሪ ነው። አንቶኒ ሮቢንስ በ2010 እንደጻፈው፣ በዚህ ትምህርት ውስጥ እያንዳንዱ ነገር በፊተኛው ላይ ይቆማል። መጀመሪያ ላይ የሳተው ሰው እየራቀ ይሄዳል፤ የያዘው ሰው እየቀለለው ይሄዳል። ስለዚህ የዚህን ሳምንት ርዕስ ለመያዝ አትሩጪ። ወደኋላ ተመለሺ። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምረሽ ኮዶቹን በወረቀት ተከታተዪ፤ ግምትሽ መሳሳት የሚጀምርበት ቦታ ላይ ስትደርሺ መነሻሽ እሱ ነው።

ያቺን ወረቀት ይዘሽ መምህርሽ ዘንድ ሂጂ። «አልገባኝም» ስትይው ከመጀመሪያው ጀምሮ ያስረዳሻል፤ እንደገና ይገባሽና ወደነበርሽበት ትመለሻለሽ። «እዚህ መስመር ላይ እኔ 5 ብዬ ነበር፣ ማሽኑ 7 አለ፤ ለምን?» ብትይው ግን መልሱ አጭር ነው፣ አንቺ ጋርም ይቀራል። ኤአይ እንዳሠራሽም በዚያው ንገሪው። መናገሩ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን በራስሽ አፍ ሲሰማው ይሻላል። ለቤተሰቦችሽም ፈተናውን መውደቅሽን አሁን ንገሪያቸው። የመቀየሩን ጉዳይ ቅጹ ሲደርስ፣ ያንን ሁሉ ወረቀት ጫጭረሽ ከጨረስሽ በኋላ አንሺላቸው።